ሱጁዴ የረዘመ ሰሞን

ከሰንበቴ እስከ ባቲ ከብት ገዝቶ የሸጠ ሰው ሁሉ ድምፄን ያውቃል። እንድሪስ ደላላው ነኝ፤ ቤቴ ከሚሴ ነው። የግመል ዋጋ በአፍ አይጠራም፤ በሽርጥ ስር እጅ ለእጅ ተጨባብጠን በጣት እንነጋገረዋለን። በሬ ግን የሚሸጠው በጉሮሮ ነው። እኔ አንዱን ሰንጋ ይዤ "ይሄ እኮ በሬ አይደለም፣ ትራክተር ነው" ብዬ ስጮህ ከገበያው ማዶ ያለው ጨው ሻጭ ሳይቀር ዞር ብሎ ያይ ነበር። መኩራራት አይደለም፤ ወላሂ እውነት ነው። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ አሉ፤ ለደላላ ግን ዝምታ ረሃብ ነው።

ይህን እኔ እያወራሁ የምትጽፈው ልጄ ሰዓዳ ናት። ሳጋንን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ታየኛለች፤ ስለዚህ የተጻፈውን እመኑት። የማወራችሁ ልቤ በውሃ ተከባ ልትታፈን ስለደረሰችበት ጊዜ ነው። እንዲህ ያለው ሕመም ሰውን ምን እንደሚያስመስለው፣ እኛ ከሚሴዎች ደግሞ በምን እንደተረጎምነው ልንገራችሁ። ዛሬም በሆነ ቤት ውስጥ እንደኔ ተደፍቶ የሚያድር ሰው አይጠፋም።

ነገሩ የጀመረው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ሞባይል ገና ወደኛ አገር እየገባ የነበረበት ዘመን ነው። መጀመሪያ ደረቅ ሳል መጣ፣ ከዚያ አመሻሽ ላይ ትኩሳት ቢጤ፣ ሌሊት ላብ። ሽርጤ ወገቤ ላይ አልቆም እያለ ሁለቴ መጠምጠም ጀመርኩ። "ወባ ነው" አልኩ። ጨፋ ሜዳ ላይ ከብት ሲያገላብጥ የሚውል ሰው ወባ ቢለው ምን ይገርማል?

ወባው ግን የወባ ኪኒን አልገባው አለ። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁ፤ "ታይፎይድና ታይፈስ አንድ ላይ" አሉኝ። የሰጡኝን ዋጥኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ሁለት ጉርሻ ስጎርስ ሆዴ ጥግብ ስለሚል ሌላ ቦታ ሄድኩ፤ "ጨጓራ ነው፣ በርበሬ ተው" ተባልኩ። በርበሬ ተውኩ። ፋጤ፣ ማለት ሚስቴ ፋጡማ፣ ያን ሰሞን ያበሰለችልኝን አልጫ ሳስታውስ ዛሬም ያንገሸግሸኛል። ቀጥሎ ትንፋሽ ሲያጥረኝ "አስም" አሉና የሚነፋ መድኃኒት ሰጡኝ። ሐኪሞቹን አልወቅስም። እኔ ለአንዱ ሳሌን፣ ለአንዱ ሆዴን፣ ለሌላው ትንፋሼን ብቻ ነበር የነገርኩት። በሬ ሊገዛ ለመጣ ሰው ጭራውን ብቻ አሳይቶ ዋጋ ቁረጥ እንደማለት ነው። ስትታመሙ ሙሉውን ተናገሩ፤ አንዱ ከሌላው አይገናኝም ያላችሁትን ጭምር።

አሁን ወደ ሱጁዱ ልምጣ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መስጊድ መግሪብ ስንሰግድ ነው። ቆሜ አየር አጥሮኛል፣ ደረቴ ላይ የጤፍ ጆንያ የተጫነብኝ ይመስለኛል። ሱጁድ ወርጄ ግንባሬ መሬት ሲነካ ጆንያው ከላዬ ተነሳ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደልቤ ተነፈስኩ። ኢማሙ ተነሱ፣ ሰዉ ተነሳ፣ እኔ እዚያው ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ ሰላት ሲደርስ የምጓጓው እንደ ሕፃን ነበር። ሰዉ አሰላምቶ ሲወጣ እኔ ሱና፣ የውዴታውን ሰላት፣ ብዬ እቀጥላለሁ፣ ሱጁድ ላይ እወርዳለሁ፣ እዚያው እሰነብታለሁ።

ከሚሴ ደግሞ ዓይን አላት። ያ ሰማይ የሚነካ ጩኸት የነበረው እንድሪስ ዝም አለ። ማውራት ትንፋሽ ስለሚበላ ነው። በየቃሉ "ወላሂ" ሲል የነበረው መማል ተወ፤ ለእሱም ትንፋሽ ያስፈልጋል። ምግብ ቀነሰ፣ ከሳ፣ ሌሊት አይተኛም፣ ሱጁዱ ረዘመ። ሰዉ ይህን ሁሉ ደምሮ "እንድሪስ ተመለሰ፣ አላህ ይዞታል" አለ።

የሰፈራችን ኢማም ሸኽ ይማም አንድ ጁምዓ ከሰላት በኋላ ትከሻዬን ያዙኝ። "እንድሪስ፣ አላህ ልብህን ከፈተልህ" አሉኝ።

"ሸኼ፣ እኔ አሞኝ ነው። ቀና ስል ትንፋሽ ያጥረኛል።"

ፈገግ አሉና ወደ ሰዉ ዞሩ። "አያችሁ? እውነተኛ ሰው ሥራውን እንዲህ ነው የሚደብቀው።"

ጉድ በል ያገሬ ሰው። ታምሜያለሁ ባልኩ ቁጥር ማዕረጌ ጨመረ። ጠላቴ የነበረ ደላላ ሳይቀር መጥቶ "ዱዓ አርግልኝ" አለኝ። ሕፃን ታቅፋ ቤቴ ደጃፍ ላይ የምትቆም እናት መጣች። እኔ እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ ብሎኝ፣ እነሱ በባዶ እግሬ መሄዴን ከትሕትና ቆጠሩት። ከሁሉ የባሰው ታናሽ ወንድሜ ኡመር ነበር። ገበያ መሀል ቆሞ "ወንድሜ ሌሊቱን ሙሉ አጎንብሶ ነው የሚያድረው" እያለ ያወራል። እውነቱን ነው፤ አጎንብሼ ነው የማድረው። ጀርባዬ ላይ ከተኛሁ ሰው ደረቴ ላይ የተቀመጠ ይመስለኛል፤ ትራስ ጉልበቴ ላይ ደርቤ ግንባሬን እዚያ ላይ ደፍቼ አነጋለሁ። ልቤ እንደ ተባረረች ጥጃ ትሮጣለች። እፈራ ነበር። ፍርሃቴን የሚሰማኝ አልነበረም እንጂ በጣም እፈራ ነበር።

የምፈራው ሞትን ብቻ አልነበረም። የሰዓዳ ኒካህ ተቆርጦ ነበር፤ እህል ሲገባ ነው የተባለው። በኛ ወግ አባት የሙሽራውን እጅ ጨብጦ፣ በላዩ ጨርቅ ተጥሎ "ልጄን ሰጥቼሃለሁ" ይላል። እኔ በሕይወቴ ስንቱን እጅ በጨርቅ ስር ጨብጬ የሰው ከብት አሻሽጫለሁ፤ የራሴን ልጅ እጅ ሰጥቼ አላየሁም። አንድ ናት። እሷን በእጄ ሳልድር መሬት መግባት አልፈለግኩም። ኡመር መዳከሜን ሲያይ "ግድ የለም፣ ለኔ ወክለኝ፣ አንተ በዱዓህ በርታ" አለኝ። ወንድሜ ነው፣ በክፋት አላለውም። እኔ ግን ያኔ የቀረችኝን ትንፋሽ ሰብስቤ "ወኪል አልሰጥም" አልኩት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሳልኩ።

ፋጤ ከመጀመሪያውም አላመነችም። ጎረቤት ሲያሞግሰኝ "እኔ ባሌን አውቀዋለሁ፤ ሱጁድ ላይ ገዢ ያመለጠው ይመስል ቶሎ ነው የሚነሳው" ትላለች። እነሱ ቀናች ብለው ይስቃሉ።

አንድ ከሰዓት በር ላይ ተቀምጫለሁ። በርበሬ ልታሰጣ ወጣችና ቆማ አየችኝ። "አንተ ሰውዬ፣ አንገትህ ላይ ያለው ምንድነው?"

"የቱ?"

"ገመዱ ነዋ። ድሮ ስትጮህ ነበር ይሄ ሥር የሚወጣው። ዛሬ ዝም ብለህም ተገትሯል።"

ሰፌዱን አስቀመጠችና ተንበርክካ ቅልጥሜን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ጉድጓዱን እያየች "ሚስማር የዋጠ በሬ በምን ይታወቃል ብዬ ስጠይቅህ ምን አልከኝ?" አለችኝ።

ይሄን የከብት ሰው ሁሉ ያውቃል። ሚስማር ወይ ሽቦ ከሣር ጋር የዋጠ በሬ ሲብስበት ቁልቁለት አይወርድም፣ ክርኑን ከደረቱ አርቆ ነው የሚቆም። ደረቱ ስር ያብጣል፣ የአንገቱ ሥር ይገተራል። ያ ብረት ወደ ልቡ ዘልቆ ነው። ቢታረድ ልቡ መግልና ውሃ ውስጥ ተነክራ ትገኛለች። ስንቱን እንዲህ ያለ በሬ "መልሰው" ብያለሁ። ያን ቀን እኔን ገበያ ቢያወጡኝ የሚያሻሽጠኝ ደላላ አይገኝም ነበር።

"ነገ ደሴ ነን" አለች ፋጤ።

ኡመር መጥቶ ተቆጣ። "ይሄን የመሰለ ሰው ወስደሽ መርፌ ልታስወጊው ነው? እዚሁ ሸኾቹን ሰብስበን ዱዓ እናስደርግ።"

"ዱዓውን አስደርግ" አለችው። "እኛ ደሴ ሆነን አሚን እንላለን።"

አንጀቱ አልችል ብሎት እሱም ጧት አብሮን መጣ። ሚኒባሱ ውስጥ የፊተኛው ወንበር ተሰጠኝ። መደገፍ አልቻልኩም፤ ግንባሬን ከመስታወቱ ስር ባለው ላስቲክ ላይ ደፍቼ ነው የተጓዝኩት። ከኮምቦልቻ በላይ የሐረጎን ዳገት መጠምዘዝ ስንጀምር ከኋላ አንዱ "ማሻአላህ፣ መንገድ ላይ እንኳ አይዘነጉም" ሲል ሰማሁ። መሳቅ አማረኝ፣ ለሳቅ የሚሆን ትንፋሽ ግን አልነበረኝም።

ሆስፒታሉ ደርሰን ካርድ አውጥተን ተራ ያዝን። አግዳሚው ጢም ብሏል። አንዲት ሴት አየችኝና ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ አላህ ይስጣት፣ ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። ተቀመጥኩ። ተራው አይንቀሳቀስም። ግድግዳው መቅረብና መራቅ ጀመረ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ። አየር ያለበት አንድ ቦታ አውቃለሁ፣ መሬት ነው። ከአግዳሚው ተንሸራትቼ ሲሚንቶው ላይ በግንባሬ ተደፋሁ።

ከባቲ በኩል የመጡ የሚመስሉ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ነበሩ። የምሰግድ መስሏቸው በደግነት ጎንበስ ብለው ትከሻዬን ይዘው ወደ መካ ሊያዞሩኝ ሞከሩ። "ወንድሜ፣ ቂብላው በዚያ በኩል ነው።"

ስንት ሳምንት የያዘችው ሁሉ ያኔ ከፋጤ ወጣ። "አባቴ፣ ቂብላ አይደለም የሚፈልገው። አየር ነው የሚፈልገው!"

በዚያ ስታልፍ የነበረች ነጭ ካፖርት የለበሰች ልጅ እግር ሐኪም ቆመች። ተመለሰች። ተንበርክካ እኔ አጠገብ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ እንዲህ ሲሆኑ ይሻልዎታል?"

"ይሻለኛል።"

"በጀርባዎ ቢተኙስ?"

"ይገድለኛል።"

አንጓዬን ያዘች። "ቀስ ብለው አየር ይሳቡ" አለችኝ። ሳብኩ። "አሁን ያውጡ።" አወጣሁ። ጣቷ አንጓዬ ላይ ነው። እኔ በጨርቅ ስር የሰው ጣት ሲያመነታ የማውቅ ሰው ነኝ፤ የእሷ ጣት የሆነ ነገር ፈልጎ ሲያጣ ታወቀኝ። ኋላ እንደነገረችኝ፣ አየር ስስብ የልቤ ምት ከጣቷ ስር ይጠፋ ነበር፤ ሳወጣ ይመለሳል። ማዳመጫውን ደረቴ ላይ ስታደርግም ልቤ የምትመታው ከሩቅ፣ ከግድግዳ ጀርባ መስሎ ተሰማት። ተራ የለ፣ ምን የለ፣ በጋሪ አልጋ ቁጭ እንዳልኩ አልትራሳውንድ ክፍል አስገባችኝ።

ሥዕሉን አሳየችን። ልቤ በውሃ በተሞላ ጣሳ ውስጥ እንደ ወደቀ ሎሚ ወዲያና ወዲህ ትዋልላለች። "ልብ የምትቀመጠው ስስ ከረጢት ውስጥ ነው" አለች ሐኪሟ። "በከረጢቱና በልብዎ መሀል ብዙ ውሃ ተጠራቅሟል። ውሃው ከውጭ ስለሚጫናት ልብዎ ተዘርግታ ደም መቀበል አልቻለችም። ያልተቀበለችውን ደግሞ አትረጭም። እግርዎ ያበጠው፣ የአንገትዎ ሥር የተገተረው ለዚህ ነው።"

"ሲደፋስ ለምን ይሻለዋል?" አለች ፋጤ።

"ወደ ፊት ሲያዘነብሉ ጫናው ትንሽ ይቀልላቸዋል።"

ፋጤ ወደ ኡመር ዞራ አየችው።

መፍትሔው መርፌ ነው ተባለ። ከደረት አጥንቴ ጫፍ ስር ገብቶ ወደ ልብ ከረጢት የሚደርስ ረጅም መርፌ። ኡመር ብድግ አለ። "ልቡ ተወግቶ የሚድን ሰው ማን አየ? ቤቱ ወስደን በክብር..." ጨርሶ መናገር አቃተው፣ አለቀሰ። እኔም ፈራሁ። ፋጤን አየኋት፣ እንድትወስንልኝ ፈልጌ።

"ልቡ ያንተ ናት" አለች። "እኔ እዚህ ድረስ አምጥቼሃለሁ።"

ሐኪሟን "ልጄ፣ ኒካህ አለብኝ። ልጄን በእጄ ነው የምድራት። ትዋሺኛለሽ ወይስ እውነቱን ትነግሪኛለሽ?" አልኳት።

"እውነቱን ልንገርዎት" አለች። "ዋስትና አልሰጥዎትም፤ መርፌው የራሱ አደጋ አለው። ልብን ሊነካ፣ ሊያደማ ይችላል። በአልትራሳውንዱ እያየን ነው የምንሠራው። ካልቀዳነው ግን ለኒካሁ ቀርቶ ለነገ ጧትም እፈራልዎታለሁ።"

ዋጋ የሚያሳምር ሰው አውቃለሁ፤ እሷ አላሳመረችም። እጄን ዘረጋሁላት። ገርሟት ጨበጠችኝ። በኛ ሙያ ከተጨባበጥን አለቀ፣ ወደ ኋላ የለም።

ግማሽ ቁጭ እንዳልኩ አስደግፈው ቦታውን አደነዘዙት። ምናልባት ብዬ የእምነት ቃሌን፣ ሻሃዳዬን አልኩ። ግፊት ተሰማኝ እንጂ የፈራሁትን ያህል አላመመኝም። ከዚያ ውሃው መውረድ ጀመረ፤ ደም የነካው፣ ሻይ የመሰለ። ትልቅ የውሃ ጠርሙስ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ገና ግማሹ ሳይወርድ ደረቴ ላይ ከርሞ የነበረው ጆንያ ተነሳ። ቀና እንዳልኩ፣ ሳልደፋ፣ አየር ገባ። እስከ ታች፣ እስከ ሆዴ ድረስ ገባ። ያን ትንፋሽ የማወዳድርበት ነገር የለኝም። አልሐምዱሊላህ ከማለት ሌላ ቃልም የለኝም።

ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? ጮህኩ። "ፋጤ!" አልኩ። ነርሷ ደነገጠች። ሐኪሟ እጇን ሳታንቀሳቅስ "ጋሼ፣ ኧረ መርፌ ይዣለሁ" አለች።

ከበሩ ውጭ የፋጤ ድምፅ መለሰ፤ "ምን ሆነህ ነው የምትጮኸው፣ ገበያ መሰለህ?" ቀጥሎ ስታለቅስ ሰማኋት። በዚያ ሁሉ ሳምንት አንድ ቀን እንኳ አላለቀሰችም ነበር።

ቀጭን ቱቦ ትተውልኝ የቀረው ሲወርድ ሰነበተ። ውሃው ተመርምሮ ምክንያቱ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። እኔ ቲቢ የሳንባ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሌላ ቦታም ይገባል፤ እኛ አገር የልብ ከረጢት ውስጥ ውሃ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው አሉኝ። ኩላሊት ሲደክም፣ ካንሰር ሲዛመት፣ ሌላ ኢንፌክሽን ሲገባም እንዲህ ይሆናል። ደረት በከብት ቀንድ ወይ በመኪና ሲመታ ደግሞ ደም ራሱ ከረጢቱ ውስጥ ይፈሳል። ቀስ ብሎ ሲጠራቀም ከረጢቱ እየተለጠጠ ብዙ ይችላል፣ ሰውየው እንደኔ ለሳምንታት ይንገላታል። በድንገት ሲሆን ግን ትንሹም ወዲያው ይገድላል። ደረቱን በሬ የወጋው ሰው "ደህና ነኝ" ቢላችሁ አትስሙት፣ አሳዩት።

ሸኽ ይማም ደሴ ድረስ መጥተው ጠየቁኝ። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። አፍረው እንደነበር ያስታውቁ ነበር፤ እኔም ልቀልድባቸው አስቤ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት።

"ነግረኸኝ ነበር እኮ" አሉ። "አሞኝ ነው ብለኸኝ ነበር።"

"ሸኼ፣ እርስዎ ለኸይር ነው የተረጎሙት።"

"ለኸይር መተርጎም ጥሩ ነው። መጠየቅ ደግሞ ነበረብኝ።"

የሚቀጥለው ጁምዓ ኹጥባ ላይ ይህንኑ የኔን ነገር አንስተው ተናገሩት። ዝም ያለ፣ የከሳ፣ ሌሊት የማይተኛ ሰው ስታዩ ማሻአላህ ከማለታችሁ በፊት "ማል ታቴ፣ ምን ሆንክ?" በሉት፤ አሞኛል ካለ እመኑት አሉ። እኔ አልነበርኩም፤ ኡመር ነው እያለቀሰ የነገረኝ። ሸኽ በሰው ፊት ተሳስቻለሁ ሲሉ መስማት ቀላል አይደለም። ባገሬ ኮራሁ። ከሚሴ እንዲህ ያለ ኢማም ስላላት ዛሬም እኮራለሁ።

ሁሉም ግን እንደሳቸው አልነበረም። ቲቢ የሚለው ስም ሲሰማ፣ በር ላይ ዱዓ ሲለምኑኝ ከነበሩት አንዳንዶቹ ብርጭቆ ሊለዩብኝ ፈለጉ። ወሊ፣ የአላህ ወዳጅ ሆኜ የሰነበትኩት ሰውዬ ተመልሼ የማይጨበጥ ሆንኩ። ሐኪሟ ሳንባዬን ራጅ አስነስታ ንጹሕ መሆኑን ነግራኛለች፤ የቤት ሰውም ተመርምሯል። ፋጤ ይሄን ለእያንዳንዱ ማስረዳት ሰለቻት። አንድ ቀን ጎረቤት በተሰበሰበበት ከጠጣሁበት ስኒ ተቀብላኝ እዚያው ጨልጣ ጠጣችና ስኒውን ጠረጴዛው ላይ ቋ አድርጋ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲያ ብርጭቆ የለየብኝ የለም።

መድኃኒቱ ስድስት ወር ነው። መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ ከሚሴ ጤና ጣቢያ እየሄድኩ ባለሙያዋ እያየችኝ ዋጥኩ። ሽንቴ እንደ ሚሪንዳ ቀላ፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ አትደንግጡ። ከመድኃኒቱ ከባዱ ግን ሲሻላችሁ መዋጡ ነው። ድምፄ ተመልሶ፣ በርበሬ ተፈቅዶልኝ፣ "አሁንማ ደህና ነኝ፣ ለምን እመላለሳለሁ?" ያልኩበት ጊዜ ነበር። ሐኪሟ ለዚህ አስቀድማ መልስ ሰጥታኛለች፤ መድኃኒቱ ከተቋረጠ ውሃው ሊመለስ ይችላል፣ ከረጢቱም ጠባሳ ሠርቶ እንደ ደረቀ ቆዳ ልብን ሊጨመድዳት ይችላል። ያኔ በመርፌ አይሆንም፣ ደረት ተከፍቶ ቆዳውን መላጥ ነው። እርጥብ ቆዳ በፀሐይ ሲደርቅ ምን እንደሚሆን ለከብት ደላላ አይነገርም። አንድም ቀን ሳላጎድል ጨረስኩ። ቀጠሮ በተባልኩ ቁጥርም ደሴ ወጥቼ በዚያው ማሽን ታየሁ፤ ከረጢቱ ለስላሳ ነው ተብያለሁ።

ኒካሁ የተደረገው መድኃኒቱን ገና እየዋጥኩ ሳለ ነው። እህል ገብቷል። ግቢው ሞልቷል። ሸኽ ይማም መሀል ተቀምጠዋል፣ ሙሽራው ፊት ለፊቴ። ኡመር አጠገቤ ነው፤ ምናልባት ብደክም ሊተካኝ ሳይሆን፣ ጨርቁን ሊይዝልኝ። የልጁን እጅ ጨበጥኩ፣ ነጭ ፎጣ ከላይ ተጣለ። የልጁ መዳፍ በላብ ርሷል። በጨርቅ ስር ያልዋሸኝ እጅ ጥቂት ነው፤ ይሄ አልዋሸም። "ልጄን ሰዓዳን ሰጥቼሃለሁ" አልኩ። ሸኽ ይማም ቀስ በል ይበቃል እስኪሉኝ ድረስ ነው ድምፄ የወጣው። ሴቶቹ ያሉበት ክፍል ሳይቀር ሰምቶ እልል አለ። አሁን ሰዓዳ እስክሪብቶዋን አስቀምጣለች። አጋንኜ አይደለም፤ እያለቀሰች ነው።

ከእንግዳው ሁሉ መሀል ወጥቼ ለምስጋና ሱጁድ ወረድኩ። አጭር ነበረች። ቶሎ ቀና አልኩ፣ በሙሉ ትንፋሽ። ፋጤ ከሴቶቹ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ነበር፤ ጭንቅላቷን ነቀነቀችና ወደ ሥራዋ ገባች።

ዓመታት አለፉ። ሰንበቴም ባቲም ዛሬም እጮሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ እንደ ድሮው አልሆነልኝም። ቤት ውስጥ ስሰግድ ሱጁዴ ከልማዱ ትንሽ ከረዘመች፣ ከመጋረጃው ወዲያ የፋጤ ሥራ ይቆማል። ወንፊቷ ዝም ይላል። ቀጥሎ "እንድሪስ፣ ደህና ነህ?" ትላለች፤ ሰላት ላይ መሆኔን እያወቀች። ካልተነሳሁ መጋረጃውን ገልጣ አንገቴን ታያለች። ስለዚህ ቀና እላለሁ፣ አሰላምታለሁ፣ "ደህና ነኝ" እላታለሁ።

ዛሬ ሱጁዴን የሚያስረዝማት ግን ሕመም አይደለም። እዚያ ላይ ለፋጤ ዱዓ ስለማደርግ ነው የምትረዝመው። ዕድሜዋን አላህ እንዲያረዝምልኝ እየለመንኩ ሳልጨርስ ሁሌም ታስነሳኛለች።